ባርኔጣ ያነሳሁላት ሴትዮ

ሰዎች «ከወልቂጤ ጠበቃነት ተነስተህ ፓርላማ የገባኸው፣ ኋላም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆንከው እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ትምህርቴን እጠቅሳለሁ፤ ትጋቴን እጠቅሳለሁ፤ የአላህንም እርዳታ አልዘነጋም። ዋናውን ነገር የምዘለው ስለማፍር ነበር። አሁን ግን ጥርሴም ቦታውን ለቋል፣ ማን ምን ይለኛል? እዚያ ወንበር ላይ ያደረሰችኝ አንዲት ግራጫ ባርኔጣ ናት። እሷም ብትሆን ልታዋርደኝ መጥታ ነው እንጂ አስባልኝ አይደለም።

አንባቢዎቼ፣ ታገሱኝና ከሥሩ ልጀምር።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ሠላሳ አልሞላኝም። ትውልዴ ቡታጅራ ነው፤ አባቴ ከመስቃን ገበሬዎች ቆዳ እየገዛ ይነግድ ነበር። እኔን ግን ገና በልጅነቴ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ላከኝ። ቀን ሱቅ እየጠበቅኩ፣ ማታ እየተማርኩ፣ እንደምንም ብዬ የጥብቅና ፈቃድ አወጣሁ። ፈቃዴን ይዤ ቡታጅራ እንዳልመለስ «የቆዳ ነጋዴው የከድር ልጅ» እያሉ ማን ሊፈራኝ ነው? ስለዚህ ማንም የማያውቀኝ ወልቂጤ ሄጄ፣ ከጅማው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ «ነስሩ ከድር፣ ጠበቃና የሕግ አማካሪ» የሚል ሰሌዳ ሰቀልኩ።

ባርኔጣዋን የገዛሁት ያኔ ነው። ወልቂጤ ውስጥ እንዲህ ያለ ባርኔጣ የነበረን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ አንዱ ጭነት መኪና የሚጠግን ጣሊያን፣ ሌላው እኔ። ለትልቅ ሰው ከፍ አድርጌ አነሳታለሁ፤ ለመካከለኛ ሰው በጣቴ ነካ አደርጋታለሁ፤ ለድሃ አልነካትም። ወላሂ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

በዚያው ላይ እንደራሴ ልሁን የሚል አባዜ ያዘኝ። ምርጫው በየአራት ዓመቱ ነበር የሚደረገው፤ ያኔም ደርሶ ነበር። ችግሩ፣ የሚወዳደር ሰው በምርጫው ክልል ውስጥ ንብረት ሊኖረው ይገባል ይላል ሕጉ። የእኔ ንብረት ደግሞ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ሁለት ሱሪና ባርኔጣዬ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

እዚህ ላይ ደንበኛዬን አቶ ብርጋን ላስተዋውቃችሁ። የእህል ነጋዴ ነው፤ ሁለት ጭነት መኪና አለው፤ ሲስቅ ሆዱ ቀድሞት ይስቃል። በእምድብር መንገድ አንድ ወንዝ ተሻግሮ ባለ መንደር፣ ወይዘሮ አማረች የምትባል ባሏ የሞተባትን ሴት ከእንሰት ማሳዋ ላስነሳ ብሎ ከሶ ነበር። «ባሏ በሕይወት ሳለ ሸጦልኛል» ይላል፤ የአውራ ጣት አሻራ ያለበት ወረቀትም ይዟል። ሴትዮዋ ደግሞ «ይህ ወረቀት ተፈረመ በተባለበት ቀን ባሌ አዲስ አበባ ግንብ ሲገነባ ነበር፤ አብረውት የሠሩ ምስክሮች አሉኝ» ትላለች። ጉራጌ አገር እንሰት ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ የዓመቱ ቀለብ እሱ ነው። ማሳው ከሄደ ሴትዮዋም ቤቷን ዘግታ ከመሄድ በቀር ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

ምስክሮቿ የሚሰሙበት ቀጠሮ ሰኔ ላይ ዋለ። እኔ ለሌላ ጉዳይ እምድብር አድሬ፣ በማለዳ በበቅሎ ወደ ወልቂጤ እየተመለስኩ ነበር። ወንዙን ተሻግሬ ገና ካልሲዬን ስጨምቅ ከላይ በኩል በዘነበው ዝናብ የተነሳ ደራሽ ውሃ ግንድ እያንከባለለ መጣ። ቀና ስል ወይዘሮ አማረች ከሁለት ሽማግሌ ምስክሮቿ ጋር ማዶ ቆማለች። ነጠላዋን እያውለበለበች፣

«ጠበቃው! ወንዙ ሞልቷል ብለህ ለዳኛው ንገርልኝ!» ብላ ጮኸች።

ሰማኋት። ጥርት አድርጌ ነው የሰማኋት። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ባርኔጣዬን ከፍ አድርጌ አነሳሁላትና በቅሎዬን ኮርኩሬ ሄድኩ። ለድሃ ሰው ባርኔጣ ሳነሳ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፍርድ ቤት ስንቀርብ ዳኛው «ተከሳሿስ?» አሉ።

«ክቡር ዳኛ፣ መጥሪያው በእጇ ደርሷታል። የቀረችበትን ምክንያት ያስረዳ ሰው የለም» አልኩ።

አያችሁልኝ? አንዲት የውሸት ቃል የለበትም! መጥሪያው ደርሷታል። ያስረዳም ሰው የለም፤ ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኛ። ዳኛው በፊታቸው የቀረበውን ብቻ አይተው በሌለችበት ፈረዱ። አቶ ብርጋ ከደስታው ብዛት ትከሻዬን ሲመታኝ ልወድቅ ነበር።

«ነስሩ፣ አንተማ ፓርላማ ነው የሚገባህ» አለኝ።

«ንብረት የለኝም እንጂ ጋሼ ብርጋ» አልኩት።

«ይኸው ማሳው! በስምህ ይሁን። ስትመረጥ ግን እንዳትረሳኝ።»

የስጦታውን ውል ራሴ ለራሴ በጽሕፈት መኪናዬ መታሁት። ገና ሳይመዘገብ ደስታ ልቤን ሊያፈነዳው ነበር። የምርጫ መዝጋቢው ግን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቱን አገላበጠና፣ «መልካም ነው አቶ ነስሩ። የአገሩ ሦስት ሽማግሌዎች ማሳው ያንተ መሆኑን በጣት አሻራቸው ያረጋግጡልህ። መዝገቡ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል» አለኝ።

በነጋታው ገና ሳይነጋ በቅሎ ላይ ነኝ። ሙሉ ልብሴን ከነከረባቱ፣ ባርኔጣዬንም አድርጌያለሁ። የማረጋገጫውን ጽሑፍ ቀድሜ መትቼ ይዤዋለሁ፤ የቀረው ሦስት አሻራ ነው። ወንዙ ዕለቱን ጎደል ብሎ አሳለፈኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውን ያኔ ባስታውስ ኖሮ ከዚያው እመለስ ነበር።

ሦስት ሰዓት ገደማ መንደሩ ደረስኩ። ሽማግሌዎቹ ጀፎረው ላይ፣ ማለት ከቤቶቹ ፊት ለፊት በተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ ላይ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሦስት ናቸው። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ከሳቅ በቀር ብዙም አልተነፈሱም። ሦስተኛው አባባ ንዳ ይባላሉ፤ አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ አማርኛቸውን የለመዱት በጉብዝናቸው መርካቶ ሲነግዱ ነው። ከኋላቸው የመንደሩ ሰው ተኮልኩሏል። ወይዘሮ አማረች ከፊት ተቀምጣለች። እዚያ አገኛታለሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«እግዜር ይመስገን። የከድር ልጅ ነህ አሉኝ። አባትህን አውቀዋለሁ። ቆዳ ሲገዛ ሁለት ጊዜ ገልብጦ ያያል። አንተስ?»

«እኔ የምሠራው በወረቀት ነው አባባ።»

«ወረቀትም እንደ ቆዳ ነው ልጄ፤ ጀርባ አለው» አሉና ሳቁ። «ምን ፈልገህ መጣህ?»

ነገርኳቸው። ፍርዱን አነበብኩ፤ የስጦታውን ውል አነበብኩ፤ ማረጋገጫውን ዘረጋሁ፤ የቀለሙን ሙዳይ ከፈትኩ። አባባ ንዳ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ሲያስጠጉ ልቤ ዘለለች። ደግሞ ጣታቸውን መልሰው ሳቡ።

«እናትምልሃለን። ግን እኔ ጋ ነገር የሚታየው በእኔ ፈሊጥ ነው። እሷ ትናገራለች። አንተ መልስ ከመስጠትህ በፊት ያለችውን ትደግማለህ። ‹ይኸው ነው› ካለች መልስህን ትሰጣለህ። ‹አላልኩም› ካለች እንደገና ትደግማለህ።»

«ስንት ጊዜ ነው የምደግመው?»

«ይኸው ነው እስክትል።»

ከኋላ አንዱ ሰው፣ «በዚህ ፈሊጥ ሁለት ወንድማማቾችን ሦስት ቀን አስቀምጠዋቸዋል!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የዳኛ ብይን ከነሳሉ የምደግም ሰው፣ የአንዲት ባላገር ሴት ቃል ሊከብደኝ? በልቤ አራት ሰዓት ላይ ጨርሼ ሰባት ሰዓት ወልቂጤ ገባሁ።

ወይዘሮ አማረች ተነሳች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እንሰቱን የተከልኩት እኔ ነኝ። ባሌ አልሸጠም፤ በዚያ ቀን አዲስ አበባ ነበር። ምስክሮቼን ይዤ ለቀጠሮው ወጣሁ፤ ወንዙ ሞላ። ይኼ ሰው ማዶ ነበር። ለዳኛው ንገርልኝ ብዬ ጮህኩ። ባርኔጣውን አነሳልኝና ሄደ። ጨረስኩ።»

ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። «የተከሳሿ ክርክር በአጭሩ፣ የይዞታ መብት አለኝ፤ ሽያጭ አልተፈጸመም፤ ያልቀረብኩትም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ነው የሚል ነው።»

«አላልኩም» አለች።

«እንዴት አላልሽም?»

«ከአቅም በላይ የምትለውን አላውቀውም። ወንዝ ነው ያልኩት።»

ሽማግሌዎቹ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ይሁን ብዬ እንደገና ጀመርኩ። «እሺ፤ እንሰት ተክያለሁ፤ ባሌ አልሸጠም፤ ወንዝ ሞላብኝ፤ ብለሻል።»

«አላልኩም። የቱን እንሰት ነው የተከልኩት?»

«እንሰቱን ነዋ! ያንን ማሳ!»

አባባ ንዳ ደኅናዋን ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «ልጄ፣ ማሳውን አይተኸው ታውቃለህ?»

ለካ አይቼው አላውቅም።

«አማረች፣ በይ ባለንብረቱን ንብረቱን አስጎብኚው» አሉ። ከዚህ በኋላ የሳቀውን ሰው ቁጥር አልናገርም።

ተከትያት ገባሁ። ዝናብ ያረጠበው የእንሰት ቅጠል ከነከረባቴ አጠበኝ፤ ጫማዬ በጭቃው እየተጎተተ ቀረ። እሷ ግን እየዳሰሰች ትነግረኛለች። ይኼ ዘንድሮ የተነጠለ ነው፤ ይኼ ሁለት ጊዜ ተነቅሎ የተተከለ ነው፤ እነዚህ ባሌ ሊሞት ሲል የተከልኳቸው ናቸው፤ እነዚያ ለመስቀል ይደርሳሉ፤ ያኛው ረድፍ ልጄ ስትዳር የሚፋቅ ነው። ለእኔ ሁሉም አንድ ቅጠል ነው። እኔ በወረቀት ላይ «አንድ የእንሰት ማሳ» ብዬ የመታሁት፣ ለእሷ ሥራዋና ዕድሜዋ ነበር።

«የቱን ነው መጀመሪያ የምትነቅለው?» አለችኝ።

«እኔ?»

«ያንተ አይደለም እንዴ?»

ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ሆኗል። እሷም ሰዓቱ የምሳ መሆኑን አይታ ኖሮ ወደ ቤቷ አስገባችኝ። አልፈልግም ብል ነውር ነው፤ ተቀመጥኩ። ቆጮ፣ ጎመንና አይብ አቀረበችልኝ።

«ሥጋ አላደረግኩበትም። የእስላም ልጅ ነው ብለውኛል። ሳህኑንም አዲሱን ነው ያወጣሁልህ፤ ሳትሳቀቅ ብላ» አለችኝ።

ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ። ያ አላህ! ይቺ ሴት ማሳዋን ልቀማት ለመጣሁት ሰው የሃይማኖቴን ነገር አስባ ሳህን መርጣለች። እኔ ግን ፍርድ ቤት ቆሜ አንዲት ቃል እንኳ አልተነፈስኩላትም። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮም ሳይታወቀኝ አንቺ ማለቴን ትቼ አንቱ አልኳት።

ማፈር አንድ ነገር ነው፤ ፓርላማ ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ ዛፉ ሥር ስንመለስ አሁንም ያንን አሻራ ለማግኘት ልቤ ይቋምጣል። ቆምኩና ሁሉንም አንድ በአንድ ዘረዘርኩ፤ ሁለቴ የተተከለውን፣ ለመስቀል የሚደርሰውን፣ ለልጅቷ ሠርግ የተያዘውን፣ ባልየው የነበረበትን ግንብ፣ ምስክሮቹን፣ ደራሹን ውሃ። ሰዉ እየተገረመ «እሰይ! እሰይ!» ይል ጀመር። «...ለዳኛው ንገርልኝ ብለው ጮኹ፤ አልተነገረላቸውም» ብዬ ደመደምኩ።

ወይዘሮ አማረች ፈገግ አለች። «አላልኩም።»

«አሁን ደግሞ ምን ቀረ?»

አባባ ንዳ በምርኩዛቸው ወደ ጭንቅላቴ አመለከቱ። «ባርኔጣዋ ቀረች።»

ሰዉ ሁሉ ባርኔጣዬን አየ። እንደ ምድጃ ግንባሬን አቃጠለችኝ። ላውልቃት ብል ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው፤ ላቆያት ብል እሷው ራሷ ልትመሰክርብኝ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ተኩል። ስምንት ላይ ካልተነሳሁ በአሥራ አንድ አልደርስም። እንደ ጠበቃ አንዲት ቀዳዳ ፈለግኩ፤ ደግሞም አገኘሁ።

«ወይዘሮ አማረች እንዳሉት፣ አንድ ሰው ማዶ ሆኖ ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ» አልኩ።

«አላልኩም። እኔ አንድ ሰው የሚባል አላየሁም።»

አባባ ንዳ ተቀበሏት። «ሰውየው ማነው ልጄ? ስም አለው? እናት አለው?»

ማንም አልሳቀም። ያኔ የሽማግሌው ፈሊጥ ገባኝ። ከጠዋት ጀምሮ ማንም አንተ እንዲህ አደረግክ ብሎ አልከሰሰኝም። የሚጠብቁት ከራሴ አፍ ነው። ዝም ብዬ በቅሎዬ ላይ ወጥቼ ልሄድ እችል ነበር፤ ፍርዱ በእጄ ነው፤ ምናልባት ሌላ ሦስት ሽማግሌ ከሌላ መንደር በጠላ ገዝቼ አስፈርምም ነበር። እግሬ ግን እንቢ አለኝ። የበላሁት ቆጮ ገና ከደረቴ አልወረደም።

ባርኔጣዬን አወለቅኩ።

«ወንዙ ሞልቶ ማዶ ቆመው አይቻቸዋለሁ። ለዳኛው ንገርልኝ ሲሉኝ ሰምቻቸዋለሁ። ሰውየው እኔ ነስሩ ነኝ። ባርኔጣዬን አንስቼ ሄድኩ፤ ፍርድ ቤት ገብቼ የቀሩበትን ምክንያት ያስረዳ ሰው የለም አልኩ» አልኩ። የመጨረሻውን እሷ እንኳን አላለችውም፤ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም።

ወይዘሮ አማረች ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

«ይኸው ነው» አለች።

«በል እንግዲህ፣ መልስህን ስጥ» አሉ አባባ ንዳ።

«መልስ የለኝም አባባ።»

«ጎሽ። በል ቀለምህን አቅርብና እንፈርም።»

ግራ ገባኝ። «ምኑን ነው የምትፈርሙት?»

«ማሳው የማን እንደሆነ ነዋ። ጠዋት ምን አልኩህ? ወረቀት ጀርባ አለው። ገልብጠህ ጻፍ።»

ያንን በጽሕፈት መኪና አሳምሬ የመታሁትን ማረጋገጫ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ፣ ማሳው የወይዘሮ አማረች መሆኑን፣ በቀጠሮው ቀን ወንዙ መሙላቱን፣ እኔም ማየቴንና መስማቴን በእጄ ጻፍኩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች አውራ ጣታቸውን አተሙ። አባባ ንዳ ቀለሙን በሣሩ እየጠረጉ «አራተኛ ቦታ ተርፏል» አሉኝ። ፈረምኩ።

ወልቂጤ የደረስኩት ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። የመዝጋቢው በር ገና ክፍት ነበር፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይታየኛል። በበሩ ሳልፍ አንገቴ ሳላስበው ወደዚያ ዞረ፤ አንገቴን መልሼ ቤቴ ገባሁና «በሌለሁበት የተሰጠው ፍርድ ይነሳልኝ» የሚለውን የወይዘሮ አማረችን ማመልከቻ መታሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እያለቀስኩ ነበር። አዎ፣ አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ፣ ፓርላማ አምሮኝ ነበር።

በማግሥቱ ለአቶ ብርጋ የውክልናውንም የስጦታውንም ወረቀት መለስኩለት።

«አብደሃል?» አለኝ።

«ሳይሆን አይቀርም ጋሼ ብርጋ።»

«ባንተ ቦታ የቆላ ዝንጀሮ ቀጥሬ ቢሆን ኖሮ እንኳ የበላበትን ያውቅ ነበር!» ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ። ሰሌዳዬ ወደቀች።

ጉዳዩ ሲታይ ዳኛው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አቶ ነስሩ፣ ዛሬ እንደ ጠበቃ ነው ወይስ እንደ ምስክር የቀረብከው?»

«እንደ ምስክር ነው ክቡር ዳኛ።»

«ነገስ?»

«ነገማ ሥራ ፈላጊ ሳልሆን አልቀርም።»

ዳኛው ሳቃቸውን በመዝገቡ ሸፈኑት፤ ተግሣጹን ግን አላስቀሩልኝም። ፍርዱ ተነሳ። ምስክሮቿ ተሰሙ፤ የአቶ ብርጋ ወረቀት ወደቀ፤ ወይዘሮ አማረች ማሳዋ ላይ ቀረች።

ለወራት አንድም ሰው በሬን አላንኳኳም። የነጋዴ ደንበኛ ሁሉ ሸሸኝ። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን አንዲት አሮጊት ከጉንችሬ በኩል መጥታ «ራሱ ላይ የመሰከረው ባለባርኔጣ ጠበቃ ያለው የት ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። በእሷ የጀመረው ሰው አላቆመም። በአራት ዓመት ውስጥ ወልቂጤ ላይ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሠራሁ፤ ንብረት ማለት እሱ ሆነ። ምርጫ ሲደርስ ተመዘገብኩ። ማንበብ የማይችለው መራጭ ሥዕል አይቶ ስለሆነ የሚመርጠው፣ ምልክት ምረጥ ተባልኩ። ሌላ ምን እመርጣለሁ? አባባ ንዳ ከገበያ ገበያ እየዞሩ «ባርኔጣውን ምረጡት፤ ሲያነሳላችሁ ግን ተጠንቀቁ!» እያሉ ቀሰቀሱልኝ። ከዚህ የተሻለ ቅስቀሳ ማንም አላደረገልኝም። አለፍኩ።

ፓርላማ ገብቼ የዚያን ወንዝ ድልድይ ነገር ያላነሳሁበት ስብሰባ የለም። ባልደረቦቼ «አቶ ወንዙ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ድልድዩ ከብዙ ውትወታ በኋላ ተሠራ። ኋላም የአቤቱታ ብዛት ያጨናነቀው አንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኜ ስሾም የመጀመሪያ ትዕዛዜ፣ ማንም ሠራተኛ ባለጉዳዩ ያለውን ደግሞ «ይኸው ነው» ሳይባል መልስ እንዳይሰጥ የሚል ሆነ። ጸሐፊዎቹ ጠሉኝ። «ጌታዬ፣ ሰልፉ አይንቀሳቀስም እኮ» ብለው አቤት አሉ። እውነት ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ ግን የባለጉዳዩን ቃል አስተካክሎ የደገመ ሠራተኛ፣ ሊመልስ ያሰበውን ያንን «አይቻልም» ራሱ ይውጠው ጀመር። «ባለጉዳዩ አልቀረበም» የሚል መዝገብ ሲቀርብልኝ ደግሞ ከዳር «ወንዝ ሞልቶ ይሆን?» ብዬ እጽፍበታለሁ። የዚያ መሥሪያ ቤት ሰዎች ጡረታ ከወጡ በኋላም የዘገየን ሰው «ወንዝ ሞልቶብህ ነው?» ይሉታል አሉ።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ ከሚስታችሁ፣ ከባላችሁ፣ ከጎረቤታችሁ ስትጣሉ ሞክሩት። መልሳችሁን ያዙና መጀመሪያ የሰማችሁትን ድገሙ። «አላልኩም» ስትባሉ የምትዘልሏትን ነገር ታገኟታላችሁ። የእኔዋ ባርኔጣ ነበረች፤ የእናንተን እናንተ ታውቃላችሁ።

አንዲት ነገር ግን እስካሁን አስቀርቼ ነበር፤ አሁን ልዘላት ብል አባባ ንዳ ከመቃብራቸው «ቀረች» ሳይሉኝ አይቀሩም።

የተመረጥኩ ሰሞን፣ ሐምሌ ላይ ነው፤ ድልድዩ ገና ሐሳብ እንኳ አልነበረም። መንደሩን ላመሰግን ብዬ በበቅሎ ወጣሁ። ለወይዘሮ አማረች ጥሩ ጋቢ ገዝቼላታለሁ። ወንዙ ዳር ስደርስ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይጋልባል። ማዶ አንዲት ሴት የእንሰት ቅጠል ተሸክማ ትሄዳለች። እሷው ናት! ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

«ወይዘሮ አማረች! ተመረጥኩ! ወንዙ ሞልቶብኝ ነው! መጥቼ ነበር ብለው ለአባባ ንዳ ይንገሩልኝ!» ብዬ በአፌም በእጄም ጮህኩ።

ቆመች። ሸክሟን አወረደች። እንደሰማችኝ ከማዶ ሆኜም አወቅኩ። ከዚያ ቀስ ብላ የራሷን ሻሽ ፈታች፤ ከፍ አድርጋ አነሳችልኝ፤ መልሳ አሰረች፤ ሸክሟን ተሸክማ ዞር ሳትል ሄደች።

በሕይወቴ ብዙ ፍርድ ሰምቻለሁ። በዚያኛው ላይ ግን ይግባኝ አልጠየቅኩም።